ለቅሶ የሚደርስበት ርቀት

ከሶዶ ተነስቶ ሞያሌ የደረሰ ሰው ሩቅ አይባልም። ሞያሌ ላይ ድንበሩን አንድ እርምጃ ያለፈ ግን ሩቅ ነው። ይህ የእኔ ፍልስፍና አይደለም፤ የአማተር ሬዲዮ ደንብ ነው። ማንም ሳይከፍላቸው፣ ለነገሩ ፍቅር ብለው ብቻ ከማያውቁት ሰው ጋር በሞገድ የሚያወሩ ሰዎች፣ በአጭር ሞገድ ላይ ሩቅ የሚሉት ሌላ አገር ያለን ሰው ነው። ኪሎ ሜትር የሚጠይቅ የለም። ጎንደር ያለ ሰው ቢያገኙ አገር ቤት ናቸው፤ የኬንያዋን ሞያሌ ቢያገኙ ግን ሩቅ ደረስን ይላሉ። የእኛ ክበብ እንዲህ ያለ ሰው ሲያገኝ መዝገቡ ላይ ኮከብ ያደርጋል።

እናቴ ሌላ መለኪያ ነበራት። ቦዲቲ ተወልዳ ቦዲቲ ያረጀች ሴት ናት። ለእሷ ሩቅ ማለት ለቅሶ የማይደረስበት ቦታ ነው። ጠዋት መርዶ ሰምቶ ከቀብር በፊት መድረስ ከተቻለ ቅርብ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ቅርብ ነበር፤ ከወንዝ ማዶ ያለው የአክስቴ መንደር ደግሞ ክረምት ሲገባ ሩቅ ይሆንና ውሃው ሲጎድል ተመልሶ ይቀርባል። ሁለቱን መለኪያዎች እያነጻጸርኩ ሥራ ቦታ ሰው አስቅ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ሞያሌ ላይ ያችን አንድ እርምጃ ከተራመደ በኋላ ግን ነገሩን ለቀልድ አንስቼው አላውቅም።

ሶዶ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ የፊዚክስ ላቦራቶሪ ቴክኒሻን ነኝ። ከላቦራቶሪው ጀርባ፣ የተሰበሩ ወንበሮች ከሚከመሩበት መጋዘን ጎን፣ የሬዲዮ ክበባችን ጠባብ ክፍል አለች። ፈቃዱ በመስታወት ተደርጎ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የክበቡ ኃላፊ በወጣትነታቸው የጦር ሠራዊት ሬዲዮ ኦፕሬተር የነበሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ጋሼ ሰው ቢያረፍድ አይቆጡም፤ ያልተቀረጸ እርሳስ ካዩ ግን ያ ቀን ተበላሸ ማለት ነው።

አንቴናችን የዳሞታን ተራራ ፊት ለፊት ከሚያዩ ሁለት ባሕር ዛፎች መካከል የተዘረጋ ረጅም ሽቦ ነው። ረጅሙን ዛፍ ወጥቶ ሽቦውን ያሰረው ወንድሜ ነው። ወርዶ እጁን በሱሪው እየጠረገ፣ "ይሄን ቋጠሮ እኔ ካልሆንኩ ማንም አይፈታውም" አለ። ማይኩ መሥራቱን ለማየት ጋሼ ቁጠር ሲሉት በወላይትኛ ከአንድ እስከ አምስት ይቆጥራል፤ አምስት ላይ ሁልጊዜ ሳቁ ያመልጠዋል። ጋሼ ይቆጡታል፤ እሱም እንደገና ይቆጥርና አምስት ላይ እንደገና ይስቃል።

ጋሼ በመዝገብ ቀልድ አያውቁም። የሰሙት ሁሉ ያገኙት አይደለም ይላሉ። እኔ የሰውየውን የጥሪ ምልክት፣ ማለትም የሬዲዮ ስሙን፣ ጠርቼ እንዴት እንደሰማሁት እነግረዋለሁ፤ እሱም የእኔን ጠርቶ እንዴት እንደሰማኝ ይነግረኛል። ውጤቱ በሁለት ቁጥር ነው፤ የመጀመሪያው የንግግሩ ጥራት፣ ሁለተኛው የድምፁ ጉልበት። የመጨረሻው ጥሩ ውጤት አምስት ዘጠኝ ነው። ሁለታችንም ከተሰማማን ግንኙነት ነው፣ ይቆጠራል። አንዳችን ካልሰማን ጋሼ ማስመሪያቸውን ያነሱና መስመሩን በቀይ ይሰርዙታል። አንድ ጊዜ ጃፓን ያለ ሰው ጥርት ብሎ ተሰምቶኝ፣ እሱ ግን ሳይሰማኝ ቀርቶ ሲሰርዙብኝ፣ እንባዬ መጣ። እንዲህ ዓይነት ሞኝ ነበርኩ።

ሌላም ደንብ ነበራቸው። የሌላ ሰው መልእክት በዚህ ሬዲዮ አይሄድም፣ አይመጣም። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሽቦው፣ ስለ ጤና ማውራት ይቻላል። "በጦርነቱ ጊዜ የሰው ስም ዝርዝር አስተላልፍ ነበር" አሉኝ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። "ሁሉም የሞቱ ሰዎች ስም ነው። ከዚያ ወዲህ በእጄ የሰው ስም አላሳልፍም ብዬ ምያለሁ።" ደግሜ አልጠየቅኋቸውም።

ወንድሜ እንደ ብዙ የሰፈራችን ወጣቶች በደቡቡ መንገድ ወደ ደቡብ አፍሪካ ወጣ። ከሞያሌ ደወለልኝ። ደንቡን ከእኔ ሰምቶታልና፣ "ነገ ሩቅ ሰው ነኝ፤ ኮከብ አድርጊልኝ" አለኝ። ሳቅሁ። ሌላ ቁም ነገር ልነግረው እየቻልኩ ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ ስልኩ አልሠራም።

አንድ ጊፋታ ያለ እሱ አለፈ። ጊፋታ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፤ የትም ያለ ሰው ቤቱ የሚገባበት። ሁለተኛው ሊደርስ ሲል የአረካ ልጅ የሆነ አንድ ወጣት ማላዊ ውስጥ ታስሮ ቆይቶ ተመለሰ። ከወንድሜ ጋር በአንድ የተዘጋ መኪና ተጭነው እንደነበር፣ በሩ ሲከፈት ከውስጥ ያልተነሱ ሰዎች እንደነበሩ፣ ከማይነሱት መካከል የወንድሜን ጃኬት እንዳየ ለአጎቴ ነገረው። አጎቴና የእድሩ ሽማግሌዎች ለቅሶ እንቀመጥ አሉ። አስከሬኑ ላልመጣ ሰው ፎቶውና ልብሱ መሐል ተቀምጦ ይለቀስለታል። እናቴ ግን ፎቶውን ከግድግዳው አውርዳ ጉያዋ ውስጥ ከተተችና፣ "ፊቱን ያየ ማን ነው? ጃኬት አይሞትም" አለች። ሽማግሌዎቹ የመጡበትን መንገድ ያዙ።

በሳምንቱ ከቦዲቲ በሚኒባስ መጥታ ኮሌጁ በር ላይ አገኘኋት። ለጋሼ ዳጣ በጠርሙስ ይዛለች። ጋሼ ቆጮ ያለ ዳጣ እንደማይበሉ ከእኔ ሰምታለች።

"ከደቡብ አፍሪካ ሰው ጋር ታወሪያለሽ አሉኝ" አለችኝ። "ጠይቂልኝ።"

ማውራቱ እውነት ነው። እዚያ ባሕር ዳርቻ የሚኖር አንድ ሽማግሌ አለ፤ ሁልጊዜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ በዚያው ሞገድ ይገኛል። ጉልበቱን ያመዋል። ከወንበሩ መነሳት እንደ ተራራ መውጣት ሆኖብኛል ይላል፤ ከዚያ ስለ ዝናብ እናወራለን። ጋሼ የእናቴን ጥያቄ ሰሙ። ጠርሙሱን አዩት፣ እኔን አዩኝ። "ደንቡን ታውቂያለሽ" አሉ። ከዚያ ኮፍያቸውን አንስተው፣ ጉዳይ አለብኝ ብለው ወጡ። ጉዳይ እንደሌላቸው እኔም እሳቸውም እናውቃለን።

ሽማግሌው አምስት ዘጠኝ እየተሰማ ነበር። በእንግሊዝኛ ጠየቅሁት፤ በከተማው የእኛ አገር ልጆች አሉ ወይ? አንድ የማውቀው ልጅ ጠፍቶብን ነው። እሱም፣ "ብዙ አሉ፣ ሱቅ አላቸው፤ በስም ግን አንዳቸውንም አላውቅም። መልእክት መቀበልም አልተፈቀደልኝም፣ ይቅርታ" አለ። እኔ ይህን ለእናቴ እንዴት እንደምነግራት ሳስብ እሷ ማይኩን ከእጄ ወሰደችው። ቁልፉን ስጫን አይታኛለችና እሷም ተጫነችው።

"ልጄ፣ ለጊፋታ ና" አለች በወላይትኛ። "ቤቱ እንዳለ ነው። ና።"

"ያቺ ሴት ማን ናት?" አለ ሽማግሌው። "ጥርት ብላ ተሰምታኛለች፤ አምስት ዘጠኝ በያት።" ከዚያ ሞገዱ እየደከመ ሄዶ የሬዲዮው ሹሹታ ብቻ ቀረ።

"ምን አለ?" አለች እናቴ።

ማይኩን በሁለት እጇ እንደያዘች ነበረች። ለብሳው የመጣችው ነጠላ አዲስ ነው፣ ለክብረ በዓል የምታወጣው። ለመለካት የተቀጠርኩ ሰው ነኝ፤ ያልለካሁትን አልጽፍም። እሷን ግን በዚያ ሁኔታ ማየት አልቻልኩም።

"'አውቀዋለሁ፤ ደህና ነው፤ ሱቅ ውስጥ ይሠራል' አለ" አልኳት።

የሱቁን ነገር ከሽማግሌው ነው የወሰድኩት። ማይኩን ሳመችው። ጋሼ ሲመለሱም እጃቸውን ይዛ ሳመች፤ እሳቸውም ግራ ገብቷቸው ቆሙ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእኔ እያደር ከበደ። በዚያ ጊፋታ እናቴ ከሥጋው የወንድሜን ድርሻ አስቀረች፣ አልጋውን በአዲስ አንሶላ አነጠፈች፣ የመኪና ድምፅ በሰማች ቁጥርም ወደ በሩ ወጣች። በሩን እንዳትዘጋው እኔ ነኝ ያደረግኋት። ሥጋው እስኪበላሽ ተቀምጦ ለውሻ ሲሰጥ አየሁ፤ እሷ ግን "መንገድ ረዝሞበት ነው" ብላ ለሚቀጥለው ታስብ ጀመር።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ቦዲቲ ውስጥ የሚወራውን እኔ የሰማሁት መጨረሻ ላይ ነው። አንድ ሰኞ ጠዋት ሥራ ስገባ ባሕር ዛፉ ሥር ሴቶች ተቀምጠዋል። ሁሉም ፎቶ ይዘዋል። የመታወቂያ ፎቶ፣ የትምህርት ቤት ፎቶ፣ አንደኛዋ ደግሞ ከሠርግ ፎቶ ላይ በመቀስ የተቆረጠ ራስ። ሽቦውን ወደ ላይ እያዩ ይጠብቃሉ። እኔ አይሆንም፣ እንዲህ ያለ ነገር አይሠራም ስል ከአረካ የመጣች አንዲት ሴት ተነሳች።

"ለእናትሽ ሲሆን አገኘ" አለችኝ። "ለእኛ ሲሆን ጠፋ?"

ጋሼ ሴቶቹን አንድ በአንድ አነጋግረው፣ ይቅርታ ጠይቀው ሸኙ። ከዚያ ክፍሉን ከውስጥ ዘግተው መዝገቡን ከፈቱ። እናቴ በሬዲዮው የተናገረችበት ቀን መስመር ላይ ጣታቸውን አደረጉ።

"ይህ ግንኙነት ይቆጠራል?"

"ይቆጠራል፣ ጋሼ። ተሰማምተናል።"

"ሰውየው ምን አለሽ?"

ያለውን ነገርኳቸው። ለእናቴ የነገርኳትንም ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። ቁጣ እየጠበቅሁ ነበር፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። "ቀዩን መስመር የት ላይ እንደማሰምረው አላውቅም" አሉ። "መዝገቡማ እውነት ነው።" ለሦስት ሳምንት ክፍሏ ተዘጋች።

ስትከፈት ወደ ማታ ገደማ ነበር፤ ፀሐይ ልትገባ ስትል። ጋሼ ውጭ ሽቦውን እያዩ እኔ ማይኩን መፈተሽ ያዝኩ። አፌ ላይ የመጣው የወንድሜ አቆጣጠር ነው። በወላይትኛ ከአንድ እስከ አምስት ቆጥሬ ቁልፉን ለቀቅሁት። ሹሹታ። ከዚያ፣ በጣም ከሩቅ፣ አንድ ሰው በወላይትኛ መቁጠር ጀመረ። አንድ። ሁለት። ጆሮዬ ላይ ያለውን ማዳመጫ በሁለት እጄ ተጫንኩት። አምስት ደረሰና ሳቅ ሰማሁ።

"ማን ነህ?" ብዬ ጮህኩ። ጥቂት ቆይቶ፣ "ማን ነህ?" የሚል የሴት ድምፅ ተመለሰልኝ። የራሴ ነበር።

ጋሼ ጩኸቴን ሰምተው ገቡ። አንዳንድ ጊዜ የራስ ድምፅ ዘግይቶ እንደሚመለስ፣ የት ቆይቶ እንደሚመጣ የሚያውቁ ሊቃውንትም እንደማይስማሙ ነገሩኝ። "አይመዘገብም" አሉ። "ከራስ ጋር ማውራት ግንኙነት አይባልም።" እኔም ይህን ተቀበልኩ። ስለ ሳቁ ግን አልነገርኳቸውም። ስቆጥር አልሳቅሁም። ዛሬም ቢሆን እርግጠኛ ነኝ።

ያ የአረካ ወጣት የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ላቦራቶሪው በር ላይ ቆሞ አልገባም አለ። እናቴ የሬዲዮውን ወሬ ከነዛች ጀምሮ ውሸታም ተብሏል፤ ገበያ ላይ ሰላምታ የሚሰጠው ጠፍቷል።

"እህቴ፣ ሰውየው በእውነት አይቶታል?" አለኝ። "ካየውማ ያበድኩት እኔ ነኝ።"

ፊቴን አዞርኩ። ያን አይቶ ግድግዳውን ተደገፈ።

"ጃኬት ያልኩት ለእናታችሁ እንዳይከብዳት ነው" አለ። "ያየሁት ፊቱን ነው። ዓይኑን የከደንኩት እኔ ነኝ።"

ለአንዲት ሴት አዝነን ሁለታችንም ዋሽተናል። ከዚያ ሳልጠይቀው የቀረውን ነገረኝ። መኪናው ውስጥ ጨለማ ነበር፣ አየርም አልነበረም። ማን እንዳለና ማን እንደሌለ እንዲታወቅ ወንድሜ ያስቆጥራቸው ነበር፤ ከአንድ እስከ አምስት፣ ከዚያ እንደገና ከአንድ። "አምስት ላይ ይስቃል" አለ። "ለምን እንደሚስቅ አናውቅም፤ እኛም አብረነው እንስቃለን። በኋላ አምስት ላይ መድረስ አቃተው።"

ከተሰበሩት ወንበሮች በአንዱ ላይ ተቀመጥኩ። ልጁ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ እስክነሳ ጠበቀኝ።

መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው። አጎቴ፣ ያ ወጣትና እኔ በማለዳ ቦዲቲ በሩን አንኳኳን። እናቴ ከፍታ ሦስታችንን በዚያ ሰዓት ስታይ ገባት። በዚያ ሰዓት ተሰብስቦ በር የሚያንኳኳ ሌላ ጉዳይ የለውም። ግን እኔን ነው ያየችው።

"አንቺ ምን ልታደርጊ መጣሽ? ደህና ነው ያልሽኝ አንቺ ነሽ።"

"ዋሸሁ፣ እማዬ። ሰውየው አያውቀውም።"

ወደ ወጣቱ ዞረች። "ፊቱን?" አለችው።

"ፊቱን" አላት።

እጇን ጉያዋ ከትታ ፎቶውን አወጣችና መሬት ላይ፣ ምንጣፉ መሐል አስቀመጠችው። ከዚያ ጮኸች። ጎረቤቱ መጣ፣ ድንኳን ተተከለ፣ ውሸታም ተብሎ የነበረው ወጣት ከቤተሰቡ ወንዶች ጋር ተቀምጦ ሰላምታ ተቀበለ። ሦስት ቀን ሙሉ እናቴ አላናገረችኝም። ከእጄ ውሃ እንኳ አልተቀበለችም። ይገባኛል አልኩ፤ ቢሆንም አቃጠለኝ።

በአራተኛው ቀን ጠራችኝ።

"በዚያ ዕቃ ጠርቼዋለሁ" አለች። "ለጊፋታ ና ብዬዋለሁ። የተጠራ ሰው መንገድ ላይ ነው። ልጄ እስካሁን እየመጣ ነው። ውሰጂኝና ልመልሰው።"

ለጋሼ ምን ብዬ እንደምለምናቸው ከቦዲቲ እስከ ሶዶ ሚኒባሱ ውስጥ ሳሰላ መጣሁ። መለመን አላስፈለገኝም። ጥቁር የለበሰችውን እናቴን ሲያዩ ወንበር ሳቡላት፣ ሬዲዮውን ራሳቸው ከፈቱት፣ በራሳቸው ድምፅ የጥሪ ምልክታችንን ጠሩ። አሥር ሰዓት ነበር። ማይኩን በሁለት እጃቸው ሰጧት፤ ኮፍያቸውንም አወለቁ።

"ልጄ፣ ና ብዬህ ነበር" አለች እናቴ በወላይትኛ። "አትምጣ። ዕረፍ። መንገዱ ይብቃህ።"

ከዚያ አለቀሰችው። የቦዲቲ ሴቶች ድንኳን ውስጥ እንደሚያለቅሱት፣ ስሙን እየጠራች፣ የሠራውን እየቆጠረች። ዛፉን እንደወጣ፣ ቋጠሮውን እንዳሰረ ነገረችው። ጋሼ የሰው ስም በዚያ ክፍል ሲያልፍ ግድግዳውን እያዩ ሰሙ። አንዴም አላቋረጧትም። ጣቷ ሲደክም ቁልፉን ለቀቀችው።

የሬዲዮው ሹሹታ ክፍሉን ሞላው። ድምፅዋ ተመልሶ እንዳይመጣ ፈራሁ። የእሷ ልቅሶ ዞሮ ወደ እሷ ቢመለስ ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር። አልተመለሰም። የመጣው ሽማግሌው ነው።

"ሴትዮዋን ሰምቻለሁ፤ አምስት ዘጠኝ" አለ። "ቋንቋውን አላውቀውም። ምንድን ነው የምትለው?"

ቁልፉን ተጫንኩ። "ለልጇ እያለቀሰች ነው" አልኩት። "ወደ እናንተ አገር ሲመጣ መንገድ ላይ ሞተ።" ሞተ የሚለውን ቃል በየትኛውም ቋንቋ ካፌ ሳወጣው ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ጋሼ ትከሻዬን ያዙኝ።

ሹሹታው ተመለሰ። ሞገዱ የደከመ መሰለኝ። ከዚያ የወንበር ሲጢጥታና የከበደ ትንፋሽ ተሰማ።

"ሰምቻለሁ" አለ። "ከወንበሬ ተነስቻለሁ በያት።"

"ምን አለ?" አለች እናቴ፣ ልክ እንደዚያ ቀን።

አሁን ቃል በቃል ተረጎምኩላት። "'ሰምቻለሁ፤ ከወንበሬ ተነስቻለሁ' አለ።"

"ሌላስ?"

"ሌላ ምንም አላለም፣ እማዬ።"

አሰበችበት። መርዶውን አሁን ገና የሰማች ይመስል ራሷን ነቀነቀች። "እንግዲያው ለቅሶው ደርሷል" አለች። "ቅርብ ነው ማለት ነው።" እጄንም ይዛ ተነሳች።

ጋሼ መዝገቡን ወደ እኔ ገፉልኝ፤ የተቀረጸ እርሳስም ጨመሩልኝ። ሰዓቱን፣ የሽማግሌውን የጥሪ ምልክት፣ ከሁለታችንም በኩል አምስት ዘጠኝ ጻፍኩ። ወንድሜ ኮከብ አድርጊልኝ ብሎኝ ነበር። እርሳሱን መስመሩ መጨረሻ ላይ ይዤ ቆየሁ። ኮከቡን አላደረግሁም።